ከመሞት መሰንበት፦ ባክቴሪያ ረሃብን የሚሻገርበት ምልክት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1944 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የባክቴሪያ ጥናት ፕሮፌሰር የነበረው ጆሴፍ ቢገር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጊዜው ፔኒሲሊን የጦር ሜዳ ቁስለኞችን ከሞት አፋፍ እየመለሰ ስሙ የገነነበት ነበር። ቢገር የጻፈው ግን ፔኒሲሊን ሊገድለው ስላልቻለው ነገር ነው። ስታፊሎኮከስ የተባለውን መግል አምጪ ባክቴሪያ በፈሳሽ ምግብ አራብቶ መድኃኒቱን ሲጨምርበት አብዛኛው አለቀ፤ ከሚሊዮን ጥቂቱ ግን ተረፈ። የተረፉትን ለብቻ አውጥቶ ደግሞ ሲያራባቸው ዘሮቻቸው በፔኒሲሊን እንደ ቀድሞው ረገፉ። መድኃኒቱን ተላምደውት ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸውም በተረፉ ነበር። ቢገር እንዲህ ሲል ገመተ፦ ፔኒሲሊን የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ የተረፉትም በዚያች ሰዓት መራባታቸውን አቁመው የተቀመጡት ናቸው። መላ ብሎ ያቀረበውም መድኃኒቱን ሰጥቶ ጥቂት መታገስ፣ የተኙት ሲነሡ ደግሞ መልሶ መስጠት ነበር።

ግምቱ የሚያስኬድ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። አንጎልም ነርቭም የሌለው፣ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ የሆነ ፍጡር መቼ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል? መልሱ ከሐኪሞች አልመጣም። የመጣው ባክቴሪያን ሆን ብለው በረሃብ ከሚቀጡ ሰዎች ነው፤ ሩብ ምእተ ዓመትም ፈጀ። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማቆም ያቃተው ዝርያ

ለዚህ ጥናት የተመረጠው ኢ. ኮላይ ነው። በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖረው ይህ ባክቴሪያ ምግብ በሞላበት ቦታ በ20 ደቂቃ ራሱን ለሁለት ይከፍላል። እንዲህ ለመፍጠን ራይቦዞም ያስፈልገዋል፤ አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ እየቀጠለ ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነውና። ራይቦዞም ራሱ በአመዛኙ ከአርኤንኤ የተሠራ ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚያድግ ኢ. ኮላይ ከሚያመርተው አርኤንኤ ትልቁን ድርሻ የሚያውለው አዳዲስ ራይቦዞሞችን ለመገንባት ነው። ወጪው ከባድ ነው። ጎተራው መጉደሉን ያየ አባወራ የጀመረውን ቤት ማስፋፋት እንደሚተው ሁሉ፣ ምግብ የተቋረጠበት ሴልም ግንባታውን ካላቆመ ያለውን አሟጦ ይጨርሳል።

በ1952 ዋሽንግተን በሚገኘው የካርኔጊ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሳንድስና ሪቻርድ ሮበርትስ ትሪፕቶፋንና ሂስቲዲን የተባሉትን ሁለት አሚኖ አሲዶች ራሱ መሥራት የማይችል የኢ. ኮላይ ዝርያ ወስደው ሁለቱን ከለከሉት። ፕሮቲን መሥራቱን እንደሚያቆም የታወቀ ነበር፤ አሚኖ አሲድ ከሌለ ፕሮቲን የለም። ያልተጠበቀው አርኤንኤ መሥራቱንም ማቆሙ ነው። አርኤንኤ የሚሠራው ከኑክሊዮታይዶች ነው፤ አሚኖ አሲድ በውስጡ አይገባም። ጥሬ ዕቃው እያለ ሥራው የቆመው ለምንድን ነው? በሴሉ ውስጥ የአሚኖ አሲድ ማለቅን ለአርኤንኤ ሠሪው የሚናገር አንድ ነገር መኖር አለበት።

ያ ነገር መኖሩ በይበልጥ የተገለጠው በጎደለበት ባክቴሪያ ላይ ነው። በ1955 እና በ1956 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኧርነስት ቦሬክና ባልደረቦቹ ሜቲዮኒን ሲከለከል አርኤንኤ ማምረቱን የማያቆም ዝርያ አገኙ። ፕሮቲኑ ቆሟል፤ አርኤንኤው ግን ይከመራል። እንዲህ ያለው ዝርያ ረሃቡ አልፎ ምግብ ሲመለስለት ወደ ዕድገት ለመመለስ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። በጉድለት ጊዜ ያባከነውን በጥጋብ ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

በ1961 ጉዳዩ የጂን ጉዳይ ሆነ። ያደረጉት ሁለት ስደት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጉንተር ስቴንት በርሊን ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ፣ በበርክሌይ የሚያስተምር ሳይንቲስት ነው። ሲድኒ ብሬነር ከምሥራቅ አውሮፓ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች በደቡብ አፍሪካዋ ጀርሚስተን ተወልዶ በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚሠራ ነው። ሁለቱ የሚያቆመውንና የማያቆመውን ዝርያ አዳቅለው ልዩነቱ በዲኤንኤው ላይ በአንድ ቦታ እንደሚወሰን አሳዩ። በረሃብ ጊዜ ሥራውን የሚገታውን ጥብቅ፣ የማይገታውን ልል አሉት። አገናኙን በተመለከተም ግምት ሰነዘሩ። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ወደ ራይቦዞም የሚያደርስ አነስተኛ ተሸካሚ አርኤንኤ አለ፤ አሚኖ አሲዱ ሲጠፋ ይህ ተሸካሚ ባዶውን ይቀራል። ምናልባት ባዶው ተሸካሚ ራሱ ሄዶ አርኤንኤ ማምረቱን ያስቆም ይሆናል አሉ። ግምቱ ግማሹ ትክክል ነበር፤ ሌላው ግማሽ ስምንት ዓመት ቆየ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ በክሊቭላንድ በእንስሳት ጉበት ላይ ሲሠራ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ ኑክሊዮታይድ አገኘ፤ ሆርሞን ከውጭ ያመጣውን መልእክት በሴሉ ውስጥ የሚያደርስ ነው። ለዚህ ሥራው በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በ1965 ሰዘርላንድና ሪቻርድ ማክማን ይኸው ሞለኪውል በኢ. ኮላይ ውስጥ እንዳለ፣ ግሉኮስ ሲኖር እንደሚቀንስ፣ ግሉኮስ ሲያልቅ እንደሚጨምር አሳዩ። ሆርሞን የሌለው ፍጡር የሆርሞንን መልእክተኛ ይዞ ተገኘ። በ1968 ደግሞ ሮበርት ፐርልማንና ኢራ ፓስታን ሞለኪውሉን ለባክቴሪያው ከውጭ ሲሰጡት፣ ግሉኮስ እያለም ቢሆን የወተት ስኳርን የሚፈጭ ኢንዛይም ማምረት ጀመረ። ከዚህ የተረዱት ኑክሊዮታይድ የዲኤንኤና የአርኤንኤ ጥሬ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ወሬም ያደርሳል።

ሁለት ጥቁር ነጥቦች

በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማይክል ካሼል የተባለ ወጣት ተመራማሪ በጆናታን ጋላንት ሥር ሆኖ የጥብቁንና የልሉን ዝርያ ልዩነት ይፈትሽ ነበር። የፈለገው ባክቴሪያው በተራበባቸው የመጀመሪያ ቅጽበቶች በውስጡ ያሉት ትናንሽ ሞለኪውሎች ምን እንደሚሆኑ ማየት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ፎስፈረስ ይጨመራል፤ ሴሉ የሚሠራቸው ኑክሊዮታይዶች ሁሉ ፎስፌት ስላለባቸው ጨረር አመንጪ ይሆናሉ። ከዚያ አንድ አሚኖ አሲድ ይከለከላል። በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ናሙና እየተቀዳ በቀዝቃዛ ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ አሲዱ ሴሉን ያፈርሰውና ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። ያ ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ ሴሉሎስ በስሱ በተቀባ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ይደረጋል። ሰሌዳው በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲቆም ፈሳሹ ወደ ላይ እየተሳበ ሞለኪውሎቹን ይዟቸው ይወጣል። ፎስፌት የበዛበት ሰሌዳውን የሙጥኝ ስለሚል ከታች ይቀራል፤ ያነሰበት ርቆ ይሄዳል። ሰሌዳው ደርቆ በጨለማ ውስጥ የኤክስሬይ ፊልም ይለጠፍበታል። ፊልሙ ሲታጠብ እያንዳንዱ ሞለኪውል ባለበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ይወጣል።

የተለመዱት ነጥቦች፣ ኤቲፒና ጂቲፒ የተባሉት ኑክሊዮታይዶች፣ በየቦታቸው ነበሩ። ከእነሱ በታች ግን ማንም የማያውቃቸው ሁለት ነጥቦች ወጡ። አሚኖ አሲድ በተከለከለው ጥብቅ ዝርያ ላይ ወዲያው ይታያሉ፤ በልሉ ላይ የሉም። ካሼልና ጋላንት ግኝቱን በ1969 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡት። ነጥቦቹም ምትሃታዊ ነጥብ አንድ እና ሁለት የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙ በዋዛ የተሰጠ ቢመስልም በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ለዓመታት ቆይቷል።

ምንነታቸው ለመታወቅ ብዙ አልቆየም። ካሼል ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተዛውሮ በ1970 ከባልደረባው ካልባከር ጋር የመጀመሪያውን ነጥብ አወቃቀር ለየ። ሞለኪውሉ መሠረቱ ጓኖሲን የተባለው የአርኤንኤ አካል ነው፤ በአንድ በኩል ሁለት ፎስፌት፣ በሌላው በኩልም ሁለት ፎስፌት ተንጠልጥሎበታል። ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ በአንደኛው ወገን አንድ ፎስፌት የጨመረ ወንድሙ ነው። በ1973 ሆዜ ሲና የኖቤል ተሸላሚው ፍሪትዝ ሊፕማን በሮክፌለር እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ፦ ኤቲፒ ሁለት ፎስፌቶቹን ባንድ ጊዜ ቆርጦ ለጓኖሲኑ ይሰጣል። በአጭሩ ፒፒጂፒፒ የሚባለው ይህ ነው።

ረሃቡ የሚታወቅበት ቦታ

የት እንደሚሠራ የታወቀው በሃርቫርድ ነው። በዋልተር ጊልበርት ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዊልያም ሃዘልታይንና ባልደረቦቹ በ1972 ፒፒጂፒፒ የሚሠራው በራሱ በራይቦዞሙ ላይ እንደሆነ ዘገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ሃዘልታይንና ሪካርዶ ብሎክ ዝርዝሩን አስከተሉ።

ራይቦዞም መልእክቱን በሦስት በሦስት ፊደል እያነበበ ይሄዳል። ለእያንዳንዷ ሦስት ፊደል የሚስማማ ተሸካሚ አርኤንኤ አሚኖ አሲዱን ይዞ በመግቢያው ይገባል፤ አሚኖ አሲዱ ይቀጠላል፤ ራይቦዞሙ ወደሚቀጥለው ይራመዳል። ረሃብ ሲመጣ ወደ መግቢያው የሚደርሰው ተሸካሚ ትክክለኛው ነው፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ራይቦዞሙ የሚቀጥለው ስለሌለው ባለበት ይቆማል። በዚህች ቅጽበት ሬል-ኤ የተባለው ኢንዛይም ፒፒጂፒፒ ማምረት ይጀምራል። ልሉ ዝርያ የጎደለው ይህ ኢንዛይም ነው። ስቴንትና ብሬነር ባዶውን ተሸካሚ መጠርጠራቸው ልክ ነበር፤ ነገር ግን ባዶው ተሸካሚ ከራይቦዞሙ ወጥቶ የትም አይሄድም። በመግቢያው ላይ ሆኖ ሌላ መልእክተኛ ያስነሣል።

ይህ አሠራር የባክቴሪያውን ብልሃት ያሳያል። ሴሉ 20ዎቹን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ አይቆጥርም። ፕሮቲን በሚሠራበት ቦታ ላይ ሥራው መቆሙን ብቻ ይጠብቃል። የትኛውም አሚኖ አሲድ ይጉደል፣ ምልክቱ አንድ ነው።

ምልክት ግን ካልጠፋ ምልክት አይሆንም። በ1974 ቶማስ ላፍለርና ጋላንት ስፖት የተባለውን ጂን አገኙ፤ የእሱ ኢንዛይም ፒፒጂፒፒን ያፈርሳል። ጤነኛ ሴል ውስጥ ምልክቱ በግማሽ ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምግብ ከተመለሰ የረሃቡ አዋጅ ወዲያው ይነሣል ማለት ነው፤ የተራበው ሴል ሳይዘገይ ወደ ሥራ ይገባል።

በ1975 ጆን ስቲቨንስ፣ ስታንሊ አርትዝና ብሩስ ኤምስ በበርክሌይ ሌላውን ገጽ ገለጡ። የፒፒጂፒፒ ሥራ ማስቆም ብቻ አይደለም፤ ሂስቲዲን የሚሠሩትን ጂኖች ያስነሣል። በረሃብ ጊዜ ሴሉ ራይቦዞም መገንባቱን ትቶ የጎደለውን አሚኖ አሲድ ራሱ ወደ መሥራት ይዞራል። ከዚያ ወዲህ ማቆሙ ብቻውን ሳይሆን የወጪው ቅደም ተከተል መለወጡ ዋናው ነገር ሆኖ ታየ።

የምልክቱ ዘመዶች

ለሁለት አሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ፒፒጂፒፒ እና ሳይክሊክ ኤኤምፒ ብቸኞቹ ታዋቂ የባክቴሪያ ኑክሊዮታይድ ምልክቶች ነበሩ። በ1987 ኢየሩሳሌም ሦስተኛውን ጨመረች። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ሞሼ ቤንዚማን በኮምጣጤ ላይ ስስ የሴሉሎስ ሽፋን የሚሠራ ባክቴሪያ ያጠና ነበር። ሴሉሎስ ሠሪውን ኢንዛይም የሚያነቃቃ አንድ ትንሽ ሞለኪውል እንዳለ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቶ ምንነቱን አወቀ፦ ጂኤምፒ የተባሉ ሁለት ኑክሊዮታይዶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ነው። ሳይክሊክ ዳይ-ጂኤምፒ ተባለ። ግኝቱ በመጀመሪያ የሴሉሎስ ጉዳይ ብቻ መስሎ ነበር። በ1998 የቤንዚማን ቡድን ሞለኪውሉን የሚሠሩትንና የሚያፈርሱትን ጂኖች ለየ፤ ያኔ ብዙ የባክቴሪያ ጂኖም እየተነበበ ስለነበር እነዚሁ ጂኖች በየዓይነቱ ባክቴሪያ ውስጥ በብዛት ተገኙ። ዛሬ የሚታወቀው ምልክቱ ሲበዛ ባክቴሪያው መዋኘቱን ትቶ ተጣብቆ በጋራ እንደሚሰፍር፣ ሲቀንስ ደግሞ ለቆ እንደሚሄድ ነው።

በ1991 ካሼልና ባልደረቦቹ አንድ ቀሪ ጥያቄ ዘጉ። ሬል-ኤ የሌለው ኢ. ኮላይ አሁንም ጥቂት ፒፒጂፒፒ ነበረው፤ ምንጩ አፍራሹ ስፖት ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ማፍረስም መሥራትም ይችላል። ሁለቱንም ጂኖች ያጠፉበት ባክቴሪያ ምልክቱን ጨርሶ አጣ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር፦ በጥጋብ ጊዜ ይኖራል፤ አሚኖ አሲድ ተሠርቶ ካልቀረበለት ግን ስኳር ብቻ ባለበት ቦታ አያድግም። ከአንድ ዓይነት ምግብ ወደ ሌላ መሸጋገር አቃተው።

በ2004 በዊስኮንሲን የሪቻርድ ጉርስ ቡድን ምልክቱ እንዴት እንደሚያስቆም የሚያስረዳ አጋር አገኘ። ዲኬኤስኤ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው። አርኤንኤ የሚሠራው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ፣ ሥራ ሲጀምር ከጂኑ ጋር የሚይዘው ትስስር በራይቦዞም ጂኖች ላይ በተፈጥሮው አጭር ነው። ፒፒጂፒፒና ዲኬኤስኤ በአንድነት ይህን አጭር ዕድሜ የበለጠ ያሳጥሩታል፤ ሥራው ሳይጀመር ይፈርሳል። እንደ ባሲለስ ሰብቲሊስ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ፒፒጂፒፒ ሲሠራ ጂቲፒ ይቀንሳል፤ የራይቦዞም ጂኖቻቸው ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት በጂቲፒ ስለሆነ ያለ እሱ ይቆማሉ። ያው ትእዛዝ በሁለት ዓይነት መንገድ ይፈጸማል።

ሌሎችም ተከተሉ። በ2008 በሙኒክ የካርል-ፔተር ሆፕፍነር ቡድን የዲኤንኤ ጉዳት የሚቃኝ ፕሮቲን ክሪስታል ሲመረምር ሳይታሰብ ሳይክሊክ ዳይ-ኤኤምፒ የተባለ ሌላ ኑክሊዮታይድ ውስጡ ተቀምጦ አገኘ። ሞለኪውሉ በኋላ በብዙ ባክቴሪያዎች የፖታሲየምን ልክ እንደሚያስጠብቅ ታወቀ። በ2010 ደግሞ በበርክሌይ የዳንኤል ፖርትኖይ ቤተ ሙከራ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ይህን ሞለኪውል በገባበት ሴል ውስጥ እንደሚለቅና የሴሉን የመከላከያ ደወል እንደሚያስነሣ አሳየ። ባክቴሪያ ለራሱ ጉዳይ የሚጠቀምበትን ምልክት ሰውነታችን እንደ ወራሪ ማስጠንቀቂያ ያነበዋል ማለት ነው።

ወደ ሳንባ የገባው ረሃብ

ለሕክምና ትልቁን ትርጉም የያዘው ግን ቀድሞ የተጀመረ ሌላ ጥናት ነው። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያ ቀርፋፋ ነው፤ ራሱን ለመክፈል 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ፒፒጂፒፒን የሚሠራውና የሚያፈርሰው አንድ ኢንዛይም ነው። በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የክሊፍተን ባሪ ቡድን ይህን ኢንዛይም ያጠፋበት ባክቴሪያ በምግብ እጥረትና በኦክስጅን ማነስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት እንዳቃተው አሳየ። በ2003 ደግሞ ጥናቱ ወደ አይጥ ተሻገረ፦ ኢንዛይሙ የጠፋበት ባክቴሪያ መጀመሪያ ይይዛል፤ ሰውነት ከቦ ካጠበበበት በኋላ ግን ኅልውናውን ማስቀጠል አይችልም።

ቲቢን በአገራችን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ ይመድባል። የተለመደው ሕክምና በጤና ጣቢያ የሚታወቀው ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ታካሚው በሁለተኛው ወር ሳሉ ቆሞ፣ ክብደቱ ተመልሶ፣ ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይከጅላል። ቀሪዎቹ አራት ወራት የሚያስፈልጉት በዋናነት ለእነዚያ ሥራቸውን ላቀዘቀዙት ጥቂት ባክቴሪያዎች ነው። አብዛኛው ፈጥኖ ያልቃል፤ ጥቂቱ ይዘገያል። ቲቢን ለማዳን ወራት የሚወስደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተሻረው ማስረጃ

የቢገር ጥያቄ ከዚህ በኋላ በሙሉ ኃይሉ ተመለሰ። ከመድኃኒት የሚተርፉት ጥቂቶች የሚያቆሙት በፒፒጂፒፒ ትእዛዝ ነውን? ከ2011 ጀምሮ የዴንማርኩ ኬን ጌርደስና ባልደረቦቹ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ሞዴል አቀረቡ። በአንዳንድ ሴሎች ፒፒጂፒፒ በአጋጣሚ ከፍ ይላል፤ ይህ ሴሉ ራሱ የያዛቸውን መርዘኛ ፕሮቲኖች ይፈታል፤ መርዞቹ ሴሉን ያስተኛሉ። በ2013 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ብዙ ቤተ ሙከራዎችን አሰማራ። ማብራሪያው ንጹሕና የተሟላ ነበር፤ ለመማሪያ መጽሐፍም የሚመች።

ሌሎች ሲደግሙት ግን አንዳንዱ አልወጣም አለ። በ2017 ከዚያው ወገን ያሉ ተመራማሪዎች የተጠቀሙባቸው የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ሳይታወቅ ፋይ 80 በተባለ ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ ተበክለው እንደነበር ደርሰውበት አሳወቁ። አንዳንድ ዝርያዎች ከመድኃኒት በሕይወት የማይተርፉት ጂናቸው ስለተወሰደ ሳይሆን መድኃኒቱ የቀሰቀሰው ቫይረስ ስለሚፈነዳባቸው ነበር። በ2018 ደራሲዎቹ ራሳቸው የ2013ቱን ጽሑፍ ሻሩ። መሻር ለሳይንቲስት ከባድ ነው፤ ስህተቱን ግን ያገኙትም የገለጡትም ከሥራው ቅርብ የነበሩት ናቸው።

ከዚህ የቀረው ሚዛናዊ ነው። ፒፒጂፒፒ ሲበዛ ባክቴሪያ ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ባክቴሪያ ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን ይቋቋማል፤ ይህ አልተነካም። ከእጅ የወጣው እያንዳንዱ የተረፈ ሴል በአንድ ወጥ መንገድ ተረፈ የሚለው ነው። ባክቴሪያ ወደ ዕረፍት የሚገባበት በር ከአንድ በላይ ነው።

ምልክቱ በዓይን ሲታይ

በእነዚሁ ዓመታት ሌላው ጥናት በተቃራኒው እየጠራ ይሄድ ነበር። በ2013 የጉርስ ቡድን ፒፒጂፒፒ በአርኤንኤ ፖሊሜሬዝ ላይ የት እንደሚቀመጥ አሳየ፤ በ2016 ሁለተኛ መቀመጫ፣ ከዲኬኤስኤ ጋር የሚጋራው፣ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሦስት ቡድኖች፣ አንዱ በካምብሪጅ የቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ሬል-ኤን በራይቦዞሙ ላይ እንዳለ በቀዘቀዘ ናሙና ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሡት። ኢንዛይሙ ተዘርግቶ ባዶውን ተሸካሚ በመግቢያው ላይ ይጠመጠምበታል፤ አሚኖ አሲድ መያዝ የነበረበትን ጫፍ ይፈትሻል፤ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ሥራውን ይጀምራል። ሃዘልታይንና ብሎክ በ1973 በሙከራ ቱቦ ውስጥ የገመቱት፣ ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ በቅርጹ ታየ።

ምልክቱም መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። በ2019 ጆን ዊትኒ፣ ማይክል ላውብና ባልደረቦቻቸው ፕሱዶሞናስ አሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ለጎረቤቱ የሚወጋውን መርዝ ዘገቡ። መርዙ የፒፒጂፒፒ ሠሪዎች የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ከጓኖሲን ፈንታ አዴኖሲንን ይወስዳል። የተወጋው ሴል ኤቲፒው በዚህ ተበልቶ በአጭር ጊዜ ይሞታል። ረሃብን ለማለፍ የተሠራ ኬሚስትሪ በጠላት እጅ ረሃብ ማምጫ ሆነ።

የመድኃኒት ሥራውም ተጀምሯል። በ2019 በጆንስ ሆፕኪንስ የተመራ ጥናት የቲቢ ባክቴሪያን ፒፒጂፒፒ ሠሪ የሚያግድ ውሕድ አገኘ፤ ውሕዱ ምግብ ያጣውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ አይሶኒያዚድ የተባለውን የድሮ መድኃኒትም ያበረታል። ዒላማው የተመረጠው በምክንያት ነው። እንስሳት ፒፒጂፒፒን የሚያፈርስ ዘመድ ኢንዛይም እንዳላቸው በ2010 ቢታወቅም፣ ሠሪው ሬል-ኤ ግን በሰው የለም። ስለዚህ ባክቴሪያው ላይ የሚወረወረው በሰው ሴል ውስጥ ሌላ ዒላማ የመምታት ዕድሉ ያነሰ ነው።

እስካሁን ያሉት አንቲባዮቲኮች አብዛኞቹ በሥራ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ያጠቃሉ፦ ግድግዳ ሲሠራ፣ ፕሮቲን ሲሠራ፣ ዲኤንኤ ሲቀዳ። ባክቴሪያ ደግሞ የምግብ እጦትን ማምለጫ አድርጎ የሠራው ሥራ ማቆምን ነው። ይህ ማምለጫ ለሆስፒታል የተፈጠረ አይደለም፤ አንጀት ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ምግብ በመጣና በጠፋ ቁጥር የሚሠራ ነው። በሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ ሲሠራ ግን የዋጋው ከፋይ ሕመምተኛው ነው፤ ሕክምናው የሚረዝምበትም እሱ ነው። ስለዚህ ቲቢን በወራት ፈንታ በሳምንታት ለማዳን የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር መሥራት ይኖርበታል፦ ባክቴሪያው ማቆሙን የሚነግረውን ምልክት ማገድ፣ ያቆመውን የሚገድል መድኃኒት ማግኘት፣ እና የሁለቱን ሥራ በሕመምተኛ ላይ ማረጋገጥ። የመጀመሪያው ዒላማ የሆነው ምልክት ከ1969 ጀምሮ ይታወቃል፤ ቀሪውን ሥራ የያዙት ዛሬ ያሉት ቤተ ሙከራዎች ናቸው።